ቁርጥማት፣ ፋይብሮማያልጂያና ብግነት፦ የዳይክሎፌናክ መርፌ ለምን አያድንም?

ነርስ_መሐል_ሜዳ • ማክሰኞ ምሽት 2፡15

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ መላ ሰውነታቸውን ለወራትና ለዓመታት ስለሚያማቸው ሰዎች ነው። በመንዝ በኩል የዚህ ሕመም ስሙ ብዙ ነው፤ አንዷ «ቁርጥማት» ትለዋለች፣ ሌላዋ «ብርድ ገብቶብኝ» ትላለች፣ ሌላው «ሪህ»፣ ቦታ እየቀያየረ ሲወጋው ደግሞ «ውጋት»። መገጣጠሚያቸው ሲታይ አላበጠም፣ አልሞቀም። ኢኤስአር (በሰውነት ውስጥ ብግነት፣ ማለትም መቆጣት፣ መኖሩን የሚጠቁም የደም ምርመራ) ሲሠራ ልክ ነው። ግን ትከሻቸውን ወይም ጀርባቸውን ሲነኳቸው ይሸማቀቃሉ፤ ሌሊቱን ተኝተው አድረው ሲነጋ ሲያጭዱ እንዳደረ ሰው ደክመው ይነሳሉ።

የተለመደው ሕክምና ሕመምና ብግነት የሚያበርደው የዳይክሎፌናክ መርፌ ነው፤ አንዳንዴም ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ይታከልበታል። ሁለት ቀን ቀለል ይልና ይመለሳል። እንዲህ መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ ለሚያምና ለሚያደክም ሕመም ስለሚሰጠው ስም፣ ስለ ፋይብሮማያልጂያ፣ የተጻፈውን ሳነብ ደግሞ ግማሹ «ብግነት የለበትም» ይላል፣ ግማሹ «አንጎል ውስጥ ብግነት ተገኘ» ይላል። ሁለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ብግነት ካለ የብግነት መድኃኒት ለምን አይሠራም? ከሌለስ ታካሚዋን ምን እንበላት? «ምንም የለብሽም» ብሎ መሸኘት ትክክል አይመስለኝም።

ውስጥ_ደዌ_ደብረ_ብርሃን • ማክሰኞ ምሽት 3፡40

ሲስተር፣ ጽሑፎቹ የሚጋጩ የሚመስሉት «ብግነት» በሚለው በአንድ ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለሚጠሩ ነው።

መጀመሪያ ሁላችንም የምናውቀውን እንያዝ። እሾህ የወጋው እግር ሲቆጣ ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ያማል። የተጎዱት ሴሎችና ወደ ቦታው የሚጎርፉት ነጭ የደም ሴሎች ፕሮስታግላንዲን፣ ብራዲካይኒንና ሳይቶካይን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። እነዚህ የሕመም ነርቭን ጫፍ ያነቁታል፤ በፊት በኃይል ሲጫኑት ብቻ ይናገር የነበረው ነርቭ አሁን ጨርቅ ሲነካውም ይናገራል። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚያግዱት ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኢንዛይም ነው። ስለዚህ የሚያሽሉት ሕመሙ በአብዛኛው ከፕሮስታግላንዲን ሲመጣ ነው፤ ጥርስ ሲያብጥ፣ እግር ወለም ሲል፣ በወር አበባ ቁርጠት፣ በሩማቶይድ የመገጣጠሚያ ብግነት።

ፋይብሮማያልጂያም እንዲሁ ነው ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1904 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ «ፋይብሮሳይተስ» የሚል ስም አወጣለት፤ «አይተስ» የሚለው ቅጥያ ብግነት ማለት ነው፣ ጡንቻን የሚያያይዘው ጅማታዊ አካል ተቆጥቷል ከሚል ግምት። በኋላ ከታማሚዎች ጡንቻ ናሙና እየተወሰደ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ብግነቱ አልተገኘም። በ1970ዎቹ ስሙ ወደ ፋይብሮማያልጂያ ዞረ፤ «አልጂያ» ሕመም ማለት ብቻ ነው። «ብግነት የለበትም» የሚሉት ጽሑፎች የሚያወሩት ስለዚህ ነው፣ ልክም ናቸው፦ በጡንቻው፣ በጅማቱና በመገጣጠሚያው ላይ ኢኤስአርን ከፍ የሚያደርግ ብግነት የለም።

የተለወጠው ሕመምን የሚያስተላልፈው ሥርዓት ራሱ ነው። ከሰውነት የሚመጣው መልእክት ኅብለ ሰረሰር ላይ ይገንናል፤ ከአንጎል ወደ ታች ወርዶ ሕመምን የሚገታው ልጓም ደግሞ ይላላል። ሰብስታንስ ፒ የሚባለው የሕመም መልእክተኛ በታማሚዎች የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከጤነኛ ሰው በ3 እጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ለእንዲህ ያለው ሕመም «ኖሲፕላስቲክ» የሚል ስም ያጸደቀው፣ አካል ሲቆስል ከሚመጣውም ነርቭ ሲጎዳ ከሚመጣውም ሕመም የተለየ ሦስተኛ ዓይነት ስለሆነ ነው።

አሁን ሁለተኛው «ብግነት»። ነርቮች ብቻቸውን አይኖሩም፤ ማይክሮግሊያና አስትሮሳይት የሚባሉ፣ በጋራ ግሊያ የምንላቸው ሴሎች ይንከባከቧቸዋል። እነዚህ ሲነቁ በዙሪያቸው ጥቂት ሳይቶካይን ይለቃሉ፣ ነርቮቹም ይበልጥ ስሱ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በስዊድን በተሠራ ጥናት ኢንተርሊውኪን 8 የተባለው ሳይቶካይን በታማሚዎች የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ከፍ ብሎ ታየ። በ2019 የስቶክሆልሙ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩትና የቦስተኑ ማሳቹሴትስ ጀነራል ሆስፒታል ተመራማሪዎች የግሊያ ሴሎችን መንቃት የሚጠቁም ምልክት በፔት (የአንጎልን ሥራ በምስል በሚያሳይ) ምርመራ በታማሚዎች አንጎል ውስጥ አገኙ። ይህ ነበልባል አይደለም፤ ማታ በአመድ እንደተዳፈነ ፍም ነው። ደም ውስጥ ብዙም ስለማይታይ ኢኤስአር አይዘውም። ዋናው ማገዶው ፕሮስታግላንዲን ስላልሆነ ዳይክሎፌናክ አያበርደውም።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የፔቱ ምልክት ከግሊያ ሌላ በሆኑ ሴሎችም ላይ ይታያል፤ የነቃው ግሊያ ሕመሙን አመጣ ወይስ ሕመሙና የእንቅልፍ እጦቱ ግሊያውን አነቁት የሚለውም በተመራማሪዎች ዘንድ ገና ክርክር ነው። «የአንጎል ብግነት አለብሽ» ብሎ ለታካሚ መንገር ስለዚህ ስህተት ነው፤ ማጅራት ገትር የያዛት ይመስላታል።

ጤና_መኮንን_ዓለም_ከተማ • ረቡዕ ጠዋት 1፡20

ዶክተር ያሉት ጤና ጣቢያ ላይ የሚጠቅመው በሽታው በትክክል ሲለይ ነው። አሁንም 18 ነጥቦችን በአውራ ጣት እየተጫነ 11ዱ ካመሙ «አለባት» የሚል ባለሙያ አለ። ያ የአሜሪካ ሩማቶሎጂ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው መስፈርት ነው። በ2010 አዲስ ወጣ፣ በ2016 ተሻሻለ። አሁን የሚሠራው በጥያቄ ነው።

ሰውነትን በ19 ቦታ ከፍሎ ባለፈው አንድ ሳምንት የትኛው እንዳመመ መጠየቅ ነው። ትከሻ፣ የላይኛው ክንድ፣ የታችኛው ክንድ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ከጉልበት በታች ያለው እግርና መንጋጋ በግራና በቀኝ ሲቆጠሩ 14 ይሆናሉ፤ አንገት፣ የላይኛው ጀርባ፣ ወገብ፣ ደረትና ሆድ ሲጨመሩ 19። ላመመው ሁሉ 1 ነጥብ። ቀጥሎ ድካም፣ ሳይታደሱ መንቃት፣ የማሰብና የማስታወስ መዛል እንደየክብደታቸው ከ0 እስከ 3 ይሰጣቸዋል። ባለፉት 6 ወራት ራስ ምታት፣ የታችኛው ሆድ ቁርጠት ወይም ድባቴ ከነበረ ለእያንዳንዱ 1 ይታከላል። የዚህ ድምር ቢበዛ 12 ነው። የሕመም ቦታው 7ና ከዚያ በላይ፣ የምልክቱ ድምር 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ መስፈርቱ ይሟላል፤ ወይም ቦታው ከ4 እስከ 6 ሆኖ ድምሩ 9ና ከዚያ በላይ ከሆነ። ሕመሙ ቢያንስ 3 ወር መቆየት አለበት፤ ከአምስቱ የሰውነት ክፍሎች (ግራ ላይ፣ ቀኝ ላይ፣ ግራ ታች፣ ቀኝ ታች፣ መሐል) በ4ቱ መገኘትም አለበት።

ስህተት የሚበዛው አጠያየቁ ላይ ነው። «የት የት ያምሻል?» ሲባሉ መልሱ «ሁለመናዬን» ነው፤ በጣታቸው እያሳዩ አንድ በአንድ ይቆጠር። «ድባቴ አለብሽ?» ቢባል ብዙ ሰው ቃሉን አያውቀውም፤ «ሆድ ይብስሻል? ድሮ ደስ ይልሽ የነበረው ነገር ያስጠላሻል?» ማለት ይሻላል። ለማሰቡም «የያዝሽውን ነገር ምን ላደርግበት ነበር ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል።

ይህን ሁሉ ከመቁጠር በፊት ግን እነዚህ ይታዩ። ሌሊት ላብ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ ካለ ፋይብሮማያልጂያ አይባልም። አንድ የጀርባ አጥንት ብቻውን ሲነካ የሚያም ከሆነ የአከርካሪ ቲቢ ይጠርጠር። ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰርና የጣት መገጣጠሚያ እብጠት ወደ ሩማቶይድ ይመራል። ጡንቻው በእውነት ከደከመ፣ ማለትም ከበርጩማ ያለ እጅ ድጋፍ መነሳት ካቃታት፣ ሌላ በሽታ ነው፤ ፋይብሮማያልጂያ ያሳምማል እንጂ ጡንቻ አይገድልም። እንቅርት ያለባት፣ ብርድ የማትችልና ሆዷ የሚደርቅ ታካሚ የታይሮይድ ምርመራ ሳይሠራላት አትመለስ። ከቤት የማትወጣና አጥንቷ ሲጫኑት የሚያማት ደግሞ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊኖርባት ይችላል።

ላብራቶሪ_እነዋሪ • ረቡዕ ከቀኑ 6፡05

ስለ ኢኤስአር ልጨምር፤ «ልክ ነው» የሚለው ቃል ከመታመኑ በፊት አሠራሩ ይታይ። በዌስተርግሪን ዘዴ ደም የያዘው ቱቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና ቀይ ሴሎቹ ምን ያህል እንደወረዱ ልክ በ1 ሰዓት ይነበባል። 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘም ውጤቱን እስከ 30 በመቶ ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ሴንትሪፊውጅ (ደም የሚያሽከረክር ማሽን) የሚዞርበት ጠረጴዛ ላይ ማቆም፣ ፀሐይ የሚያርፍበት መስኮት ሥር ማስቀመጥ፣ ደሙን ከ4 ሰዓት በላይ ማሳደር ሁሉም ያበላሹታል። ደጋ ላይ ጠዋት ክፍሉ በጣም ሲበርድ ቀይ ሴሎቹ በዝግታ ስለሚወርዱ ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ይላል።

ከፍተኛው ልክ በዕድሜ ይሰላል፤ ለወንድ ዕድሜን ለ2 ማካፈል፣ ለሴት ዕድሜ ላይ 10 ደምሮ ለ2 ማካፈል። ለ60 ዓመት እናት እስከ 35 ድረስ አያስደነግጥም። ደም ማነስና እርግዝና ያለ ምንም ብግነት ከፍ ያደርጉታል፤ ስለዚህ ሄሞግሎቢኑ ሳይታይ ኢኤስአር ብቻውን አይነበብ። ሲአርፒ የሚባለው ሌላው የብግነት የደም ምርመራ ደግሞ በውፍረት ምክንያት በመጠኑ ከፍ ይላል። በፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎች ላይ የታየው መጠነኛ የሲአርፒ ጭማሪ አንድ ክፍሉ የክብደት ነው።

ሙሉ የደም ቆጠራ፣ ኢኤስአር ወይም ሲአርፒና ቲኤስኤች (የታይሮይድ ምርመራ) ለአብዛኛው ሰው ይበቃሉ። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ወይም በግና ፍየል የሚያዋልድ ሰው ትኩሳትና ላብ ካለበት የብሩሴላ (ከእንስሳት የሚተላለፍ ባክቴሪያ) ምርመራ ይጨመር። መገጣጠሚያ ሳያብጥ «ለማንኛውም» ተብሎ የሚታዘዘው የሩማቶይድ ፋክተር የደም ምርመራ ጉዳቱ ይበዛል፤ ጤነኛ አዛውንት ላይም ፖዘቲቭ ይሆናል። ኤኤስኦ የሚባለውም ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ ከተባለው የጉሮሮ ባክቴሪያ ጋር መገናኘቱን እንጂ የዓመታት ቁርጥማት ምክንያትን አይናገርም። በዚያ ወረቀት ብቻ በየወሩ ፔኒሲሊን መወጋት መቅረት አለበት።

የጅሩ_ሰንጋ • ረቡዕ ምሽት 1፡50

ባለሙያ አይደለሁም፣ አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መርፌው የማይሠራ ከሆነ ሰው ሁሉ ለምን «እሱ ነው የሚያሽለኝ» ይላል? ሁለት ቀንም ቢሆን እኮ ተኝቶ ያድራል። አዝመራ ደርሶ ወገቡ የተያዘ ገበሬስ ምን ያድርግ?

ፋርማሲ_ሸዋ_ሮቢት • ረቡዕ ምሽት 4፡10

ወንድሜ፣ ማሻሉ ውሸት አይደለም። ሰው ወደ መርፌ የሚሄደው ሕመሙ ጫፍ በደረሰበት ቀን ነው፤ ይህ ሕመም ደግሞ በራሱ ከፍና ዝቅ ስለሚል በማግስቱ ባይወጋም ይበርድ ነበር። መርፌን ማመኑም ሕመምን በእውነት ይቀንሳል። ብዙ ሰው ከፋይብሮማያልጂያው ጋር የጉልበት ወይም የወገብ መበላት ስላለበት ዳይክሎፌናኩ ያንን ድርሻ ያሽላል። ዋናው ግን ዴክሳሜታዞን ነው። ለጊዜው ያነቃቃል፣ ስሜትን ከፍ ያደርጋል፤ ሥራው ከ36 ሰዓት በላይ ይቆያል። «ሁለት ቀን» የሚባለው ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ዋጋው ግን ከባድ ነው። ዳይክሎፌናክ በቀን ከ150 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም፤ በመርፌ ከ2 ቀን በላይ አይሰጥም። ጨጓራን ያቆስላል፣ ያደማል፤ ደም ግፊትን ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ያለ ውኃ የዋለ አጫጅ ኩላሊት ላይ ደግሞ ይከፋል። በጾም ቀን ባዶ ሆድ መዋጡ ለጨጓራ ሕመምተኛ አደገኛ ነው። እየተደጋገመ የሚወጋ ዴክሳሜታዞን ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ የሰውነትን የራሱን ስቴሮይድም ያስተኛል። በተሳሳተ ቦታ የተወጋ የመቀመጫ መርፌ እግርን የሚያነቃንቀውን ትልቁን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

አዝመራ ላይ ወገቡ የተያዘው ገበሬ የትናንት ጉዳት ከሆነበት ሌላ ነገር ነው። ጨጓራ፣ ኩላሊትና ደም ግፊት ከሌለበት አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ምግብ በልቶ በቀን 3 ጊዜ ለ3 እስከ 5 ቀን ሊወስድ ይችላል። ለዓመታት መላ ሰውነቱን ሲያመው የኖረው ሰው ግን በዚህ አይድንም።

ለእሱ ቅርባችን ያለው አሚትሪፕቲሊን ነው። ድባቴን ለማከም ከሚሰጠው መጠን በጣም ባነሰ መጠን የሕመሙን ልጓም ያጠብቃል፣ እንቅልፍንም ያጠልቃል። 10 ሚሊ ግራም ከሌለ የ25 ግማሽ ይጀመራል። ስህተት የሚበዛው ሰዓቱ ላይ ነው፤ ሊተኙ ሲሉ ከዋጡት ጠዋት ያፈዛል። ማታ 3 ሰዓት የሚተኛ ሰው 1 ሰዓት ላይ ይዋጠው። ከ2 ሳምንት በኋላ ወደ 25 ይደርሳል፤ ሲያስፈልግ እስከ 50። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፤ ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሰው በሦስተኛው ቀን ያቆመዋል። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይፈልጋል። የልብ ምት ችግር ላለበት፣ ሽንት ለሚያስቸግረው ሽማግሌ፣ በግላኮማ (የዓይን ግፊት) ለታመመ አይሰጥም። ፍሉኦክሰቲን ከሚባለው የድባቴ መድኃኒት ጋር ሲወሰድ መጠኑ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ትራማዶል ከሚባለው ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ጋር የሚጥል ሕመምና የሴሮቶኒን መብዛት ሊያመጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተዋጠ ልብን ስለሚያቆም ልጅ ከማይደርስበት ይቀመጥ፤ ራሱን ሊጎዳ ይችላል ተብሎ ለሚሰጋለት ሰው የብዙ ወር አይሰጥ።

ዱሎክሰቲንና ፕሬጋባሊንም ይጠቅማሉ፣ ዋጋቸውና አቅርቦታቸው ግን ከባድ ነው። ትራማዶልን ለዓመታት መዋጥ ሱስ ያስይዛል።

ፊዚዮ_ደብረ_ሲና • ሐሙስ ጠዋት 2፡30

እስካሁን ያልተነሳው ትልቁ ነገር እንቅስቃሴ ነው። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ከመድኃኒቶቹና ከሌሎቹ ሕክምናዎች ሁሉ «በጥብቅ ይመከራል» ያለው እሱን ብቻ ነው። ከብግነት ጋርም ይገናኛል፤ የሚሠራ ጡንቻ ብግነትን የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮችን ያስለቅቃል፣ ለወራት በልኩ የተንቀሳቀሰ ሰው ሲአርፒውም ይቀንሳል።

«የገጠር ሴት ቀኑን ሙሉ ስትሠራ ትውላለች፣ ምን ተጨማሪ ስፖርት?» የሚል መልስ ሁልጊዜ ይመጣል። ተገቢ ነው። ግን ሥራውና ሕክምናው አንድ አይደሉም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ አንዴ ተሸክሞ ዳገት መውጣት የነቃውን ነርቭ ይበልጥ ያነቃዋል። ጀሪካኑን ግማሽ ሞልቶ ሁለቴ መመላለስ ይሻላል። ደህና የዋሉ ቀን የሳምንቱን ሥራ ጨርሶ ከዚያ ሁለት ቀን መተኛት የዚህ ሕመም የታወቀ አዙሪት ነው። ሥራ የሚቆመው በሕመሙ ሳይሆን በሰዓቱ ይሁን፤ አረም ላይ 40 ደቂቃ ሲሆን የሚያማት ሴት በ25ኛው ደቂቃ ታቁምና 10 ደቂቃ ቁጭ ትበል።

ለብቻው የሚሠራው እርምጃ በሜዳ መንገድ በ5 ወይም 10 ደቂቃ ይጀመራል፣ በየሳምንቱ 2 ደቂቃ ይጨመራል፣ 30 ደቂቃ ሲደርስ በሳምንት 3 ቀን ይበቃል። ከበርጩማ ተነስቶ መቀመጥ 5 ጊዜ፣ አርፎ እንደገና 5 ጊዜ። ሕመሙ ከ10 ነጥብ በ2 ቢጨምርና በ24 ሰዓት ውስጥ ቢመለስ ችግር የለም። ካልተመለሰ በግማሽ ይቀነስ እንጂ አይቁም። ለውጡ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል።

ለእኛ አገር መልክዓ ምድር አንድ የተለየ ምክር አለኝ። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና እንደሚወርደው ያለ ቁልቁለት ለጀማሪ ክፉ ነው። ቁልቁል ሲወረድ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚሸከም ጥቃቅን መሰንጠቅ ይደርስበታል፤ ከ1 እስከ 3 ቀን የሚቆይ እውነተኛ መቆጣት ይመጣል። ታካሚዋ «ስፖርቱ ገደለኝ» ብላ ትተወዋለች። ዳገት ቀስ ብሎ መውጣት ያደክማል እንጂ ያን ያህል አያሳምምም። ስግደትም እንዲሁ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሳትሰግድ ቆይታ ሰሞነ ሕማማት ላይ በአንድ ቀን መቶ ብትሰግድ በማግስቱ መነሳት አትችልም። ከዐቢይ ጾም መጀመሪያ አንስታ ጥቂት በጥቂት ብትጨምር ይሻላል፤ የማትችል ከሆነም የንስሐ አባቷን ታማክር።

ወዴራ • ሐሙስ ከቀኑ 9፡00

እህቶቻችን ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ሲሄዱ መድኃኒቱን ያቆማሉ። ብርዱስ ሕመሙን የሚያመጣው ነው ወይስ አይደለም?

ጤና_መኮንን_ዓለም_ከተማ • ሐሙስ ምሽት 1፡15

ብርድ ሕመሙን ያባብሳል፣ አያመጣውም። ሲበርድ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የነቃው ነርቭ ደግሞ ቅዝቃዜን ራሱን እንደ ሕመም ያነበዋል። ስለዚህ ታካሚዋ «ብርድ ነው» ስትል አትከራከሯት፤ የተሰማትን በትክክል ነው የተናገረችው። ተጠምቃ ስትወጣ ቶሎ ትድረቅ፣ ጋቢ ትደርብ። ማታ ወገብና ትከሻ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውኃ 15 ደቂቃ ማድረግ ያላላል።

መድኃኒቱን ማቆሙ ግን ይጎዳል። ለወራት የተወሰደ አሚትሪፕቲሊን በአንድ ቀን ሲቆም ማቅለሽለሽ፣ እንቅልፍ ማጣትና እረፍት ማጣት ያመጣል፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ሱባኤ የምትገባ ሴት የምትቆይበትን ሳምንት ቆጥራ ክኒኗን ትያዝ። ማታ የሚዋጥ ስለሆነ ከጾሙ ሰዓትም ጋር አይጋጭም።

ቡናውንም ጠይቋት። ካፌይን በ5 ሰዓት ገደማ ግማሹ ብቻ ነው ከሰውነት የሚወጣው፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ሦስተኛ ስኒ እኩለ ሌሊትም ይሠራል። ሃርቪ ሞልዶፍስኪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ጤነኛ ሰዎችን ከጥልቅ እንቅልፍ እያባነኑ ሲያሳድሯቸው ሰዎቹ እንደ ታማሚዎቹ ሰውነታቸውን ማመም ጀመረ። ለዚህ ሕመም እንቅልፍ የሕክምናው ግማሽ ነው።

አንኮበር_24 • ሐሙስ ምሽት 3፡05

የግሊያ ብግነት ካለ ግሊያን የሚያስተኛ መድኃኒት ለምን አይሰጥም? በትንሽ መጠን የሚወሰድ ናልትሬክሶን (ለሱስ ሕክምና የሚሰጥ መድኃኒት) ያድናል የሚል በየቪዲዮው አለ። እርድና ተልባም እንዲሁ።

ውስጥ_ደዌ_ደብረ_ብርሃን • ዓርብ ጠዋት 1፡45

ናልትሬክሶን በመጀመሪያዎቹ ትናንሽ ጥናቶች ተስፋ አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በዴንማርክ 99 ሴቶች ላይ በቀን 6 ሚሊ ግራም ለ12 ሳምንት ሲሞከር ግን በሕመም መቀነስ ከባዶ ክኒን በግልጽ አልበለጠም። ትራማዶል ለሚወስድ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይሰጥም፤ መድኃኒቱን ያግድበታል። ተልባ ጥሩ ምግብ ነው፣ ይብሉት። እርድም ወጥ ውስጥ ይግባ። በጠርሙስ ታሽጎ «ብግነት አጥፊ» ተብሎ ለሚሸጠው ግን ለክኒንና ለትራንስፖርት የሚሆነውን ብር አታውጡ። ጾሙን ሁሉ የምትጾም፣ እግሯን የሚያቃጥላትና የሚያደነዝዛት ሴት ካለች ይልቅ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ይታሰብ።

የምርምሩ አቅጣጫ ግን ተስፋ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የእንግሊዝና የስዊድን ተመራማሪዎች ከታማሚዎች ደም የወሰዱትን ፀረ እንግዳ አካል ወደ አይጦች ሲያስገቡ አይጦቹ ለጫናና ለቅዝቃዜ ስሱ ሆኑ፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከሰውነታቸው ሲወጣ ወደ ቀድሞው ተመለሱ። የተጣበቀውም ከኅብለ ሰረሰር አጠገብ ባሉት የነርቭ ጓጓላዎች ውስጥ፣ ነርቮቹን በሚያቅፉት ሴሎች ላይ ነበር። ከታማሚዎች ግማሽ በሚሆኑት ቆዳ ላይ ደግሞ ቀጫጭኖቹ ነርቮች ሳስተው ይታያሉ። ይህ ሁሉ ገና ወደ ምርመራም ወደ መድኃኒትም አልደረሰም።

ስለ ብግነት ከተነሳ አንድ የማይታለፍ ነገር አለ። ሩማቶይድ ካለባቸው ሰዎች ከ5ቱ አንዱ ገደማ ፋይብሮማያልጂያም አለበት። የሩማቶይድ ክብደት የሚለካው በ28 መገጣጠሚያዎች ሲሆን የሚያሙትም ያበጡትም ይቆጠራሉ። ፋይብሮማያልጂያ የሚያሙትን ብቻ ያበዛና በሽታው የባሰ ያስመስለዋል፤ ሜቶትሬክሴት የሚባለው የሩማቶይድ መድኃኒት ይጨመራል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ሕመሙ ግን እንዳለ ይቀራል። የሚያሙት 14፣ ያበጡት 1፣ ሲአርፒውም ልክ ከሆነ መጨመር ያለበት ሜቶትሬክሴት አይደለም።

ነርስ_መሐል_ሜዳ • ዓርብ ምሽት 2፡00

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ለታካሚዋ በአጭሩ ምን ልበላት? ደግሞ የ25 ሚሊ ግራሙ ክኒን መሐል መስመር የለውም፣ ሲሰበር ይፈረፈራል።

ጤና_መኮንን_ዓለም_ከተማ • ዓርብ ምሽት 2፡35

ሲስተር፣ እንዲህ ቢሏት፦ «እማማ፣ ሕመምዎ እውነት ነው። አጥንትዎም መገጣጠሚያዎም አልተበላሸም፤ ደምዎን ስናየው ደህና ነው። የታመመው ሕመምን የሚጠብቀው ነርቭዎ ነው። ሌባ ሲመጣ ብቻ የሚጮኽ ውሻ ነበር፤ አሁን ቅጠል ሲወድቅም ይጮኻል። መርፌው ሌባ ያባርራል፣ ውሻውን ግን አያረጋጋውም። ውሻው የሚረጋጋው ማታ በሚዋጠው ክኒን፣ በእንቅልፍና በየቀኑ ጥቂት በመሄድ ነው። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል፣ ግን ይበርዳል። በ4 ሳምንት ይመለሱ፤ እግርዎ ካበጠ፣ ካተኮስዎ ወይም ከከሱ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ።»

ፋርማሲ_ሸዋ_ሮቢት • ዓርብ ምሽት 2፡50

ክኒኑን በእጅ አይስበሩት። ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርገው በአዲስ ምላጭ በአንድ ጊዜ ይጫኑት። አንደኛው ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ጉዳት የለውም፤ ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን ስትውጥ ይካካሳል። ሽፋኑ ሲነሳ ስለሚመርና ምላስ ስለሚያደነዝዝ በውኃ ቶሎ ትዋጠው። የተቆረጠው ግማሽ በደረቅ ብልቃጥ ይቀመጥ፣ ከአንድ ቀን በላይ የሚሆን አስቀድሞ አይቆረጥ። የምታነብ ልጅ ቤት ካለች ሰዓቱን ወረቀት ላይ ጽፈው ይስጧት፤ «ማታ 1 ሰዓት፣ ግማሽ» ብቻ።